ቴሌስኮፕ የለንም የሚለው ሰበብ

ፎቶ ቤት ሲዘጋ ዕቃው የሚወጣው በተራ ነው። መጀመሪያ ወንበሩና መስታወቱ ይሸጣል። ፏፏቴና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ ተጠቅልሎ የሆነ ሰው ጓዳ ይገባል። መብራቱን ሌላ ፎቶ ቤት ይወስደዋል፣ ፕሪንተሩ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል። በመጨረሻ አንድ መሳቢያ ይቀራል። ውስጡ በሩሲያ ፊደል የተጻፈበት ዜኒት ካሜራ፣ ቆዳው የተላጠ ያሺካ፣ ሁለት ሦስት ረዣዥም ሌንስ፣ የማይበራ ፍላሽ፣ ክዳኑ የጠፋ ቴሌኮንቨርተር አለ። ባለቤቱ አንስቶ ያየዋል፣ አቧራውን እፍ ይላል፣ «አሁን ይሄ ለምን ይሆናል?» ብሎ ይመልሰዋል። ከዚያ ወይ ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል፣ ወይ ካፌ የሚከፍት ሰው ለጌጥ ይወስደዋል። ከድሮ ራዲዮና ከተሸረፈ ጀበና ጎን ተደርድሮ ሰው ሴልፊ ይነሳበታል።

እዚያው ከተማ፣ ከፎቶ ቤቱ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ፣ የፊዚክስ መምህር ሰሌዳ ላይ ሁለት ሌንስ ይሥላል። ጨረሩን በማስመሪያ ያሰምራል፣ ቀመሩን ይጽፋል። አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ አንድ ቀን እናየዋለን?» ትላለች። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፤ ቴሌስኮፕ የለንም፣ በጀት የለም። ልጅቷ ሥዕሉን ገልብጣ ደብተሯን ትዘጋለች። ለፈተና ይመጣል፣ ትሠራዋለች፣ ትረሳዋለች።

«የለንም» የሚለው ነገር ውሸት ነው። መምህሩ አውቆ አልዋሸም፣ ሲባል የሰማውን ነው የደገመው። ቢሆንም ውሸት ነው። ሰሌዳው ላይ የሣለው ዕቃ ያ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። ቴሌስኮፕ ማለት ከፊት ብርሃን ሰብስቦ ምስል የሚሠራ ሌንስ፣ ከኋላ ደግሞ ያንን ምስል አጉልቶ ለዓይን የሚያቀርብ ትንሽ ሌንስ ነው። የካሜራ ሌንስ የመጀመሪያውን ሥራ ሲሠራ ነው የኖረው። ብርሃን ሰብስቦ ፊልሙ ላይ ምስል ይጥላል። ፊልሙን አውጥቶ እዚያ ቦታ ላይ የሚያርፈውን ምስል በአጉሊ ሌንስ ያየ ሰው ቴሌስኮፕ ሠራ ማለት ነው። ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ለማወቅ የፊተኛውን የትኩረት ርቀት ለኋለኛው ማካፈል ይበቃል። የፊተኛው ሌንሱ ላይ ተጽፏል፤ 135፣ 200፣ 300 የሚለው ቁጥር እሱ ነው። ከጎኑ ያለው ትንሹ ቁጥር፣ 3.5 ወይም 4 ወይም 5.6 የሚለው፣ ትልቁ ቁጥር ሲካፈልበት ብርሃን የሚገባበትን በር ስፋት በሚሊ ሜትር ይሰጣል። ባለ 200ው ለ4 ሲካፈል 50 ሚሊ ሜትር ነው። ጨለማ ውስጥ የሰው ዓይን ብሌን ቢሰፋ ቢሰፋ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ ያ ሌንስ ከዓይን 50 እጥፍ ያህል ብርሃን ይሰበስባል። ይህን ማንም የዘጠነኛ ክፍል ልጅ በጣቱ ያሰላዋል።

እዚህ ላይ ጋሊሊዮን ማንሳት ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. በጥር 1610 የጁፒተርን ጨረቃዎች አየበት የሚባለው ሌንስ ተሰንጥቆ ፍሎረንስ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ነው። የሌንሱ ዳር ጥሩ ስላልነበረ ጋሊሊዮ ጠርዙን ሸፍኖ መሃሉን ብቻ ነበር የሚጠቀመው። ከዜኒት ካሜራ ጋር የሚሄደው ጁፒተር 37 የተባለ የሶቪየት ሌንስ ደግሞ 135 በ3.5 ሲካፈል 38 ተኩል ገደማ ይመጣል። ስፋታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ጥራታቸው ግን አይወዳደርም። የሶቪየቱ ከአንድ በላይ ብርጭቆ ተደርድሮበት የቀለም መዛነፍ ታርሞለታል፣ ፊቱም ነጸብራቅ የሚቀንስ ቅብ አለው። የዓለምን አሳብ ከገለበጠው ዕቃ የሚበልጥ ዕቃ፣ ያውም በጁፒተር ስም የተጠራ፣ ጁፒተርን አንድ ቀን ሳያይ ከአሮጌ ድስት ጋር ይመዘናል።

ይህ ሲነገር አዋቂዎች ብቅ ይላሉ። «የካሜራ ሌንስ ለሥነ ፈለክ አልተሠራም፣ ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው» ይላሉ። አነጋገራቸው ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ይመስላል፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን በካሜራ ሌንስ እየሠሩ ነው። ዋስፕ የሚባለው የብሪታንያ ፕሮጀክት በካናሪ ደሴቶችና እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ ደቡብ አፍሪካ ሰዘርላንድ ላይ፣ ስምንት ስምንት ባለ 200 የካኖን ሌንስ ተክሎ በሌሎች ፀሐዮች ዙሪያ የሚዞሩ ከመቶ በላይ ፕላኔቶች አግኝቷል። ኬልት የተባለው የአሜሪካኖች ፕሮጀክት የተጠቀመው የማሚያ ባለ 80 ሌንስ ነው፤ የብርሃን በሩ 42 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዚያች የፎቶ ቤት ሌንስ ነው እ.ኤ.አ. በ2017 ኬልት 9ቢ የተባለችው ፕላኔት የተነገረላት፤ ፀሐይዋን የሚያየው ፊቷ ሙቀት ከ4,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል፣ ከብዙ ከዋክብት የላቀ ማለት ነው። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ደግሞ ፒተር ቫን ዶኩምና ሮቤርቶ አብርሃም የካኖን ባለ 400 ሌንሶችን እንደ ችቦ አንድ ላይ አስረው፣ ትልልቆቹ ቴሌስኮፖች ያለፏቸውን ደብዛዛ ጋላክሲዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ለዓለም አሳይተዋል። እርግጥ ነው፣ እነዚህ ሌንሶች ከቆራሌ ማዳበሪያ አልወጡም፤ ከኋላቸውም ዓይን ሳይሆን ውድ የሳይንስ ካሜራ ነበር። ለክርክሩ ግን የሚበቃው ይበቃል፤ «አልተሠራም» የሚለው ቃል አይሠራም።

የፎቶ ቤቱን ነገር ከሁሉ በላይ የሚነግር ሌላ ሰው አለ፤ ኤድዋርድ ኤመርሰን ባርናርድ። እ.ኤ.አ. በ1857 አሜሪካ፣ ናሽቪል ከተማ ተወለደ። አባቱ ልጁ ከመወለዱ በፊት ሞቷል፣ እናቱ ድኻ ነበረች፣ ዘመኑ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ነበር። ትምህርት ቤት የገባው ለሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። ዘጠኝ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ፎቶ ቤት ተቀጠረ። በዚያን ጊዜ ፎቶ የሚጎላው በኤሌክትሪክ ሳይሆን በፀሐይ ብርሃን ነበር። ጣሪያ ላይ የተተከለው ትልቅ ማሽን ፀሐይን እየተከተለ በእጅ መዞር ነበረበት፤ የልጁ ሥራ ይህ ነበር። ሌሎች ልጆች እንቅልፍ እየጣላቸው ፀሐይዋ ስታመልጣቸው እሱ ቆሞ ይጠብቃታል። የማሽኑ ስም፣ ይግረም ተብሎ፣ ጁፒተር ነበር። ኋላ የፎቶ ቤቱ ባልደረባ ከተጣለ መነጽር ሌንስ አውጥቶ የወረቀት ቱቦ ውስጥ ከተተና የመጀመሪያ ቴሌስኮፑን ሠራለት።

ይህ ልጅ አድጎ ካሊፎርኒያ፣ ሊክ ኦብዘርቫቶሪ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1892 በዚያ ባለ 91 ሳንቲ ሜትር ትልቅ ቴሌስኮፕ የጁፒተርን አምስተኛ ጨረቃ አገኘ፤ ከጋሊሊዮ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ፍኖተ ሐሊብን ያነሳበት፣ ስሙን ያስጠራው ሥራ ግን በትልቁ አልተሠራም። የተሠራው ሳን ፍራንሲስኮ ፎቶ ቤት ውስጥ የሰው ፊት ሲያነሳ በኖረ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው አሮጌ ሌንስ ነው። ሙሽራና ሕፃን ሲነሳበት የኖረ ሌንስ ማለት ነው። በዚያው በ1892 በዚያው ሌንስ ጅራታም ኮከብ አገኘ፤ በፎቶ አማካይነት የተገኘ የመጀመሪያው ጅራታም ኮከብ እሱ ነው።

አዲስ አበባም የፎቶ ቤት ታሪክ አላት፣ ያውም ከመቶ ዓመት በላይ። የአርመኑ የቦያጂያን ቤተሰብ ከምኒልክ ቤተ መንግሥት ጀምሮ ነገሥታትን አንስቷል። ከዚያ ወዲህ በየፒያሳው፣ በየክፍለ ሀገሩ አውቶቡስ ተራ ስንት ልጅ ጨለማ ክፍል ውስጥ አደገ። ኔጋቲቭ አጥቧል፣ ሌንስ ፈትቶ ሻጋታ ጠርጓል፣ የተጣበቀ ቀለበት በመርፌ ጫፍ አላቋል። ባርናርድ እዚህ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ጉርድ ፎቶ በመቀስ ሲቆርጥ ያረጅ ነበር። ችሎታ ስለሌለው አይደለም። «አንተ እኮ ስለ ሌንስ የምታውቀው ነገር አለ፣ ና እስቲ ተማሪዎቹን አሳያቸው» የሚለው አንድም ርእሰ መምህር ስለማይገኝ ነው።

የነገሩ ሥር እዚህ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ፋቂውን ሲንቅ የኖረ አገር ሳይንስንም ከእጅ ለይቶ ነው የተቀበለው። ሳይንስ በካርቶን ታሽጎ፣ ባንዲራ ተለጥፎበት፣ ሪባን ተቆርጦለት የሚመጣ ዕቃ ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ቴሌስኮፕ ይጠበቃል። ለጋሽ ይጠበቃል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ጉምሩክ ይጠየቃል። እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች መተከላቸው ትልቅ ነገር ነው፣ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን የደምቢ ዶሎ ልጅ ማታ እንጦጦ አትወጣም። እሷ የምትፈልገው የትምህርት ቤቷ ግቢ ውስጥ የሚቆም፣ ቢወድቅ ማንም የማያለቅስለት ዕቃ ነው።

ገበያውም በዚህ ጥበቃ ላይ ይጫወታል። ካርቶኑ ላይ የጋላክሲ ፎቶ ታትሞበት «525 እጥፍ ያጎላል» የሚል የፕላስቲክ ቴሌስኮፕ ከውጭ ሰው ሻንጣ ውስጥ ይመጣል። ያ ቁጥር ማጭበርበሪያ ነው። 60 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሌንስ በጥሩ ሁኔታ ከ120 እጥፍ ገደማ በላይ ቢጎላ ምስሉ ይደበዝዛል እንጂ አዲስ ነገር አያሳይም። እግሩ እንደ ሸንበቆ ይወዛወዛል፤ ልጁ ጨረቃን ለማግኘት ግማሽ ሰዓት ታግሎ፣ ሲያገኛት ከጉድጓዱ ወጥታ ታመልጠዋለች። አባት «ያልገባህ አንተ ነህ» ይለዋል። ዕቃው ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። ከዚህ ይልቅ በአሮጌ የፎቶ ትራይፖድ ላይ ጸንቶ የቆመ ባለ 16 እጥፍ ሌንስ መቶ ጊዜ ይሻላል፤ ፎቶ አንሺ ትራይፖድ የሚያወዛውዝ ቢሆን ኖሮ እንጀራውን ባጣ ነበር።

ስለ አሠራሩ የሚባለው ብዙ አይደለም። በዜኒትና በፕራክቲካ ሌንሶች ላይ ምስሉ የሚያርፈው ከመቀመጫው ጥርስ 45 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ወደ ኋላ ነው። የውሃ ቱቦ ቁራጭ፣ ውስጡ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ያንን ርቀት ይይዛል። የኋላው ሌንስ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ውስጥ አለ። የብዙ ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ቁም ሣጥን ውስጥ ወገቡ የተሰበረ ማይክሮስኮፕ ይገኛል፤ ዓይን የሚደረግበት፣ አሥር እጥፍ የሚል ቁጥር ያለበት ቁራጭ ተስቦ ይወጣል። የትኩረት ርቀቱ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 200 ሌንስ ላይ ስምንት እጥፍ ይሰጣል። ያ ክዳኑ የጠፋ ቴሌኮንቨርተር መሃል ሲገባ 16 ይሆናል። የድሮ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፊልም መቅረጫ ካሜራ ያለው ሰው ካገኘ፣ የእሷ ትንሽ ሌንስ ብዙ ጊዜ 12.5 ሚሊ ሜትር ናት፤ ከቴሌኮንቨርተሩ ጋር 32 እጥፍ። እዚህ ላይ የሳተርን ቀለበት ራሱን ማሳየት ይጀምራል። የጎደለ ነገር ካለ ምን አለሽ ተራ አለ፤ መርካቶ ውስጥ ከቆርቆሮ ምድጃ፣ ከጎማ ባሬላ የሚሠሩ ሰዎች ሁለት ቱቦ ማገጣጠም አያቅታቸውም። አንድ ነገር ብቻ አይረሳ፤ ሌንሱ ውስጥ ያለው የብርሃን በር እስከ መጨረሻው መከፈት አለበት። ብዙ ሰው በዚህ ተሳስቶ «አይሠራም» ብሎ ጥሎታል።

የማይሠራውም በግልጽ ይነገር። የካሜራ ሌንስ ብዙ ሲጎላ ይለሰልሳል፤ ደማቅ ኮከብ ዙሪያ ወይን ጠጅ ቀለም ይታያል። ማርስ ላይ ዝርዝር ማየት የሚፈልግ ሰው ይህን አይመኝ። ምስሉም ይገለበጣል፣ ጨረቃ ግን ብትገለበጥም ጨረቃ ናት። ውስጡ ወተት የመሰለ ሌንስ ይጣል፤ ትንሽ ሻጋታና ጭረት ግን እንደሚፈራው አይጎዳም። ሞተሩ የሞተ የዘመኑ ሌንስም፣ በእጅ ፎከስ የሚደረግ ከሆነ፣ ከዚህ ሥራ አይወጣም።

«ሕዝብ ዳቦ አጥቶ ኮከብ?» የሚለው ጥያቄ ሁሌ አለ። ይህን የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ ዳቦ ያላቸው ናቸው። እዚህ የቀረበው ግን ከዳቦ ላይ የሚቀነስ ነገር አይደለም፤ ሊጣል የነበረ ሌንስ፣ ሊጣል የነበረ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ክንድ ቱቦ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ በተቃራኒው ኩራት የነፋው ነው። ባሕረ ሐሳብ አለን፣ አበቅቴና መጥቅዕ አለን፣ ፈረንጅ ሳይነቃ እኛ ሰማይ ቆጥረናል ይላል። ባሕረ ሐሳብ በእውነት የሚያኮራ የሒሳብ ቅርስ ነው። ግን ስለ ጨረቃ ስሌት ደረቱን የሚነፋው ሰው በስንት እጥፍ አይቷት ያውቃል? ከስልኩ ላይ የናሳን ፎቶ አጋርቶ ይተኛል። ከቤቱ ጣሪያ በላይ ያለው ሰማይ እኮ የሚያስቀና ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ፣ ከምድር ወገብ ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ርቃ ተቀምጣለች። የሰሜኑን ትልቁን ድብና የደቡቡን መስቀል ሁለቱንም ታያለች፤ የአውሮፓ ሰው ለሁለተኛው አውሮፕላን ይሳፈራል። መብራት ሲጠፋማ ከተማው ራሱ ወደ ኦብዘርቫቶሪነት ይለወጣል፤ ለዚህ አገልግሎት እስካሁን የተጠየቀ ሒሳብ የለም።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። የፊልም ዘመን ሰዎች እያረጁ ነው። ፒያሳ የድሮ ቤቶቿ ሲፈርሱ፣ ኪራይ ሲወደድ፣ ስልክ ገበያውን ሲወስደው መሳቢያዎቹ አንድ በአንድ እየተገለበጡ ነው። ከሌንሱ ጋር የሚጠፋው እጁ ነው፤ ሌንስ እንዴት እንደሚፈታና እንደሚገጠም የሚያውቀው እጅ። አንድ የትምህርት ቤት ክበብ ቅዳሜ ጠዋት በአካባቢው ያሉ ፎቶ ቤቶችን ዞሮ «የማትፈልጉት ሌንስ አለ?» ለማለት ከማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ትልቅ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉ ግርዶሹ በግብጽ ሉክሶር፣ በጅዳና በመካ፣ በየመን ያልፋል፤ ጅዳ ያሉ ኢትዮጵያውያን ከአምስት ደቂቃ በላይ ቀኑ ሲጨልም ያያሉ። ኢትዮጵያ ላይ ከፊል ነው፣ ያውም በክረምት ደመና መሃል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ቀለበት ሠርቶ ያለፈውን ግርዶሽ ሰው በራጅ ፊልም፣ በጥላሸት መስታወት ሲያይ እንደነበረ አይረሳም። በዓይን ብቻ እንኳ ያ አደጋ ነው። በካሜራ ሌንስ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ሁሉ የተወራለት ብርሃን ሰብሳቢ ዕቃ ፀሐይ ላይ ሲዞር ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ያቃጥለዋል። ከፊት፣ ሌንሱ አፍ ላይ የሚገጠም ለፀሐይ የተሠራ ማጣሪያ ከሌለ ቀን ላይ አይነካ። ይህን የማይናገር መምህር ቴሌስኮፑን ባይሠራው ይሻላል።

ማታው ግን ክፍት ነው። ክረምቱ ከወጣ በኋላ ሰማዩ ለወራት ይጠራል። ለመጀመሪያ ምሽት ሙሉ ጨረቃ አትመረጥም፤ ፊቷ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። ሰባት ስምንት ቀን ሲሆናት፣ ብርሃኑና ጥላው በሚገናኙበት መስመር ላይ ተራራውም ጉድጓዱም ይቆማል። ፎከሱን መጀመሪያ የሚያስተካክለው የፎቶ ቤቱ ሰውዬ ይሁን፤ ቀለበቱን ለአርባ ዓመት ሲያዞር የኖረ ነው፣ ከመምህሩ ቀድሞ ያገኘዋል።